ከአንደሉስ እስከ ስዊድን፦ የተናጋን ጥርስ ለማዳን የሺህ ዓመት ጥረት



ስለ ሲዋክ ስንማማር ብዙ ጊዜ የምናነሳው አጅሩን ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በኡመታቸው ላይ እንዳይከብድ ባይሰጉ ኖሮ በየሶላቱ ሊያዙን ይችሉ እንደነበር ሁላችንም በደርስ ሰምተናል። ዛሬ ነገሩን ከታሪክ በኩል እንየው። የድድ በሽታ ጥርስን ሲያናጋ የቀደሙት ሐኪሞቻችን ምን አደረጉ? የዛሬዎቹስ የጠፋውን መልሰው ማብቀል ችለዋል? መጨረሻ ላይ ዲናችንን የሚመለከት ጥያቄም አለና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በመጀመሪያ በሽታውን እንወቅ። ጥርስ አጥንት ላይ እንደ ሚስማር የተመታ አይደለም። ሥሩን የሚሸፍን ስስ ግን ጠንካራ ሽፋን አለው። ከዚያ ሽፋን ተነስተው ወደ መንጋጋ አጥንት የሚገቡ ጥቃቅን ጅማቶች ጥርሱን ይዘው ያቆሙታል። ቆሻሻ በድድ ሥር ሲጠራቀም ድድ ያብጣል፣ ይደማል። ሲቆይ በድድና በጥርስ መካከል ኪስ ይፈጠራል፤ ጅማቶቹ ይጠፋሉ፤ አጥንቱም እየተበላ ይሄዳል። በሽታው ብዙ ጊዜ ስለማያም ሰው የሚነቃው ጥርሱ መነቃነቅ ሲጀምር ነው።

ይህን ጉዳይ ከሺህ ዓመት በፊት በጽሑፍ ካስቀመጡት ዑለማዎች አንዱ አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ (ረሒመሁላህ) ናቸው። የቁርጡባ (ኮርዶባ) አካባቢ ሰው ሲሆኑ ያረፉት በ1013 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። «አት-ተስሪፍ» የተባለው ኪታባቸው 30 ክፍሎች አሉት፤ የመጨረሻው ስለ ቀዶ ሕክምና ነው። በጥርስ ላይና በድድ ሥር የሚደርቀው ጥቁር፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ቆሻሻ ድድን እንደሚያበላሽና ጥርስን እርቃኑን እንደሚያስቀር በዚያ ጽፈዋል። መፋቂያ መሣሪያዎችን በሥዕል አሳይተዋል፤ በአንድ ቀን ካልጸዳ በሌላ ቀን እንዲደገምም መክረዋል። የተናጋውን ጥርስ ደግሞ ከጤነኞቹ ጋር በወርቅ ክር ያስሩት ነበር። ብር ስለሚበላሽ ወርቁን መረጡ። ኪታባቸው በ12ኛው ክፍለ ዘመን በጡለይጡላ (ቶሌዶ) ወደ ላቲን ተተርጉሞ ለአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ መቶ ዓመታት መማሪያ ሆኗል።

ሆኖም የወርቅ ክር ጥርሱን ያስራል እንጂ የጠፋውን ጅማት አይመልስም። ከእሳቸው በኋላ የመጡትም ለብዙ ዘመን ከዚህ አላለፉም። ቆሻሻው ሲጸዳ ድድ ይድናል፤ ጅማትና አጥንቱ ግን እንደነበሩ አይመለሱም።

ምክንያቱን ያብራራው ሜልቸር የተባለ ተመራማሪ በ1976 ነው። ቁም ነገሩ ወደጸዳው ሥር ቀድሞ የሚደርሰው የትኛው ሴል ነው የሚለው ነው። የድድ ቆዳ ሴሎች ፈጣን ስለሆኑ ቦታውን ቀድመው ይይዙታል። ጅማቱን ሊሠሩ የሚችሉት ሴሎች ዘገምተኛ ናቸውና ሲደርሱ ቦታው ተይዞ ይጠብቃቸዋል።

በ1982 በስዊድን ጎተንበርግ ከተማ ኒማን፣ ሊንዴ፣ ካሪንግና ባልደረቦቻቸው ይህን በሰው ላይ ሞከሩት። ሥሩን ካጸዱ በኋላ በድዱና በሥሩ መካከል ስስ መጋረጃ አስገቡ። ፈጣኖቹ ሴሎች ተከለከሉ፤ ዘገምተኞቹ ጊዜ አገኙ። ከ3 ወር በኋላ ሲመረመር በሥሩ ላይ አዲስ ሽፋንና ከእሱ ጋር የተያያዙ አዳዲስ ጅማቶች ተገኙ። ሱብሓነላህ! አላህ በሰውነታችን ውስጥ ያኖረው ችሎታ ድሮም ነበር፤ የጎደለው መንገዱን የሚጠርግለት ነበር።

በ1990ዎቹ ደግሞ እዚያው ስዊድን ውስጥ ሌላ መንገድ ተገኘ። ጥርስ ሲፈጠር የሚታይ ፕሮቲን ሥሩ ላይ ሲቀባ ጅማቱ እንደገና እንዲሠራ ያግዛል። «ኤምዶጌን» በሚል ስም የሚሸጠው ይህ ነው። ጥያቄው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ፕሮቲኑ የሚወጣው ገና በመብቀል ላይ ካለ የአሳማ ጥርስ ነውና። ከመጋረጃዎቹም ከአሳማ የሚሠሩ አሉ። ከከብት የሚሠሩና ሰው ሠራሽ የሆኑም አሉ።

በሀገራችን በስፋት ከሚታወቁት መዝሀቦች የሐነፊያ ዑለማዎች ነጃሳ ነገር ባሕርዩ ፈጽሞ ሲቀየር (ኢስቲሓላ) ሑክሙም ይቀየራል ይላሉ። ሻፊዒያዎች በዚህ በጣም ጠበቅ ያሉ ናቸው። አማራጭ የጠፋበት ዶሩራ ደግሞ የራሱ ሑክም አለው። እኛ እዚህ ፈትዋ አንሰጥም። ግን ከሕክምናው በፊት ሐኪሙን «የምታስገቡልኝ ነገር ከምን የተሠራ ነው? ሌላ አማራጭስ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ይዛችሁ ወደ ዓሊም ሂዱ። ሳይጠይቁ መታከምም፣ በጥርጣሬ ብቻ ሕክምናን መተውም ተገቢ አይደለም።

ሕክምናው ወሰን እንዳለውም እንወቅ። የተሻለ የሚሠራው አጥንቱ ጠበብ ብሎ በጥልቀት በተጎዳበት ቦታ ነው። ዙሪያውን እኩል ላለቀ አጥንት ብዙም አይረዳም። በሚያጨስ ሰው ላይም ውጤቱ ይቀንሳል። ከሁሉም በላይ የጎተንበርጉ ሕክምና የመጀመሪያ እርምጃ ዛሬም አዝ-ዘህራዊ የጻፉት ማጽዳት ነው። ቆሻሻ ባለበት ሥር ላይ ምንም አይበቅልም።

ስለዚህ የጠፋውን ከመመለስ ያለውን መጠበቅ ይቀላል። መፋቂያችንን ከኪሳችን አንለይ። መፋቂያ ግን በድድ ሥር የደረቀውን አያወጣም፤ ድዱ የሚደማ ሰው ጥርሱ እስኪነቃነቅ ሳይጠብቅ ሄዶ ጥርሱን ያሳጥብ።

አላህ ዓፊያችንን ይጠብቅልን፣ ሱናውንም የምንተገብር ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ለቤተሰብ እንዲደርስ ሼር አድርጉት።