ኢብኑ ዐባስ ወደ ኸዋሪጆች ለምን ሄዱ?

ኸዋሪጆች በ37 ዓመተ ሂጅራ፣ ከሲፊን ጦርነት በኋላ፣ ከዐሊይ (ረ.ዐ) ጦር ተገንጥለው የወጡ ናቸው። ሰላትም ቁርኣንም ያበዙ ነበር። ያጠፋቸው የዒባዳ ማነስ ሳይሆን የማይስማማቸውን ሙስሊም ሁሉ ካፊር ማለታቸው ነው።

ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) መሀላቸው ገብተው መጀመሪያ ቅሬታቸውን ጠየቁ። ሦስት ነገር አነሱ፤ ሰምተው አንድ በአንድ መለሱላቸው። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት ሺዎች ተመለሱ። ባልተመለሱት መንገድ የሄደው ኢብኑ ሙልጀም ግን በ40 ዓመተ ሂጅራ ኩፋ ላይ ዐሊይን ገደለ።

በሚያዝያ 2007 ዓ.ም አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ክርስቲያን ወገኖቻችንን ሲገድል ያየነው ይህንኑ በሽታ ነው።

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ ያላችሁ ወላጆችና ኡስታዞች ሆይ! የተበደለና ብቸኛ የሆነ ወጣት የሚሰማው ሰው ይፈልጋል። እኛ «ዝም በል» ካልነው ስልኩ ላይ ያለ የማናውቀው ሰው ይመልስለታል። ስለዚህ ቀድመን እንሂድ፤ ሳንፈርድ እንስማ፤ በዒልም እንመልስ።