«የመከላከያ ጀርባ» ወይስ «ደጀን»?

የአሜሪካን እግር ኳስ ለአማርኛ አንባቢ ለማስተዋወቅ በሚወጡ ጽሑፎች፣ በተለይም ኮምፒውተር ተርጉሟቸው ሰው ሳያርማቸው በሚሰራጩት ላይ፣ «የመከላከያ ጀርባ» የሚል ሐረግ ሥር እየሰደደ መጥቷል። ሐረጉ እንዲያመለክት የተፈለገው ከቡድኑ በስተኋላ ቆሞ የተጋጣሚን የአየር ቅብብል የሚያጨናግፈውን ተጫዋች ነው። ተጫዋቹ የሚሠራቸው ልምምዶች ደግሞ፣ እንግሊዝኛው «ድሪል» የሚለው ቃል መሰርሰሪያንም ልምምድንም ስለሚጠራ ብቻ፣ «የመከላከያ ጀርባ ቁፋሮ» እስከ መባል ደርሰዋል። አማርኛ አንባቢ ይህን ሲያይ በቅድሚያ ሠራዊቱ ትዝ ይለዋል፤ ዛሬ መቻል የሚባለውን ክለብ «መከላከያ» እያለ ለዓመታት ሲደግፍ የኖረ ሰው ከሆነ ደግሞ የክለቡ የኋላ ታሪክ የተጻፈ ሊመስለው ይችላል፤ ቁፋሮው ከምን እንደመጣ ግን ፈጽሞ አይገባውም።

ስለ ጨዋታው ራሱ ብዙ ማለት አያሻም። በየወገኑ 11 ሰው ተሰልፎ፣ አንደኛው ወገን ሞላላውን ኳስ ወደፊት ሊወስድ፣ ሌላኛው ሊያስቆም የሚታገልበት መሆኑን ብዙው ሰው በቴሌቪዥን ሳያይ አልቀረም። ኳሱን በእጅ ወደፊት መወርወር በሕግ የተፈቀደው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1906 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የውርወራው ድርሻ እየጨመረ በሄደ መጠን፣ ከፊት ከሚጋፉት ኋላ ቆመው በአየር የሚመጣውን ኳስ የሚጠብቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት የሚሆኑ ፈጣን ተከላካዮች የግድ አስፈለጉ። ስም ያጣው የእነዚህ ሥራ ነው።

የስሕተቱ ምንጭ እንግሊዝኛ «ባክ» ብሎ በአንድ ቃል የሚጠራውን አማርኛ በሁለት ቃል ለይቶ መያዙ ነው። «ጀርባ» የአካል ክፍል ነው፤ ከአካልነቱ ወጥቶ በዘይቤ ሲነገርም ብዙውን ጊዜ ከሰው አይርቅም፤ «ጀርባውን ሰጠ» ሲባል ከዳ ወይም ሸሸ፣ «ጀርባው ይጠና» ሲባል ያለፈ ታሪኩ ይመርመር ማለት ነው። «ኋላ» ግን የቦታና የጊዜ ቃል ነው፤ የኋላ መስመር፣ የኋላ ኋላ፣ ኋለኛው ዘመን ይባላል። በሜዳ ላይ ያለውን የአሰላለፍ ቦታ ለመግለጽ «ጀርባ» ማለት፣ ትርጉሙ ከመጣመሙም በላይ፣ ቋንቋው ራሱ አስቀድሞ ያበጀውን ልዩነት እንደሌለ መቁጠር ነው።

እንግዲህ «የኋላ ተከላካይ» ቢባልስ? ስሕተት የለበትም፣ ለዛም የለውም፤ ከዚህም በላይ የእግር ኳስ ተመልካች ሲሰማው በቀጥታ ከበረኛው ፊት የሚቆመውን ሰው ያስባል። ከእግር ኳሱ «ተመላላሽ» የሚለውን መዋስም አያዋጣም፤ ተመላላሽ ስሙን ያገኘው በመስመሩ ወጥቶ አጥቅቶ ተመልሶ ስለሚከላከል ሲሆን፣ የአሜሪካው ተጫዋች ቡድኑ ሲያጠቃ ከሜዳ ወጥቶ ተቀምጦ ውኃውን ይጠጣል። የተሻለው ቃል ከጦር ሜዳ የሚመጣው «ደጀን» ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ጦር አሰላለፍ ስሙን በማዕረጎቹ ውስጥ ትቶልናል፤ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች ከቀኝ፣ ግራዝማች ከግራ ሲመሩ፣ ከበስተኋላ ያለው ኃይል ደጀን ይባላል። ዛሬ «ሕዝቡ ደጀን ነው» ሲባል ቃሉ ስንቅና ሞራል ወደ ማቅረብ እንዳዘነበለ ይታወቃል፤ አንዳንድ ሰው በዚህ ምክንያት ደጀን የሚያግዝ እንጂ የሚፋለም አይደለም ብሎ ሊከራከር ይችላል። ይሁን እንጂ የቃሉ እምብርት ከፊት ያለው መስመር ሲጣስ የሚደርስ፣ ፊተኛው የሚመካበት የኋላ ኃይል መሆኑ ነው፤ በሜዳውም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ በሙሉ ስሙ «ደጀን ተከላካይ»፣ በአጭሩ «ደጀን» ቢባል አንድም የሚጎድለው ነገር የለም።

ደጀን ከተገኘ ልጆቹን መውለድ አይከብድም። በሜዳው ዳርና ዳር የሚቆሙት ሁለቱ «የመስመር ደጀን» ሊባሉ ይገባል፤ እንደ እንግሊዝኛው «የማዕዘን» ከተባሉ ግን ተመልካቹ የማዕዘን ምት ይጠብቃል። ከሁሉም ኋላ የሚቆመው «ሴፍቲ» በአንዳንድ ትርጉም «ነፃ ደህንነት» ተብሎ መገኘቱ ደግሞ ሳያስቅ የማያልፍ ነው፤ በኢትዮጵያ «ደህንነት» የሚለው ቃል ለብቻው ሲጠራ ማንን እንደሚያስታውስ መናገር አያስፈልግም። «የመሃል ደጀን» ይበቃዋል። አሜሪካውያን አምስተኛ ደጀን ሲጨመር በአምስት ሳንቲማቸው ስም፣ ስድስተኛ ሲጨመር በአሥር ሳንቲማቸው ስም ይጠሩታል፤ ሰባት ሲሞሉ አሰላለፉን በሃያ አምስት ሳንቲም መሰየማቸው፣ በአማርኛ «ስሙኒ» ለማለት ቢያጓጓም፣ ቀልዱን ለእነሱ ትቶ አምስተኛ፣ ስድስተኛና ሰባተኛ ደጀን ማለት ይሻላል።

ወደ ልምምዱ ስም ሲመጣ ቃሉ አስቀድሞ በእያንዳንዱ ተማሪ ደብተር ውስጥ አለ። «ለመደ» ከሚለው ግሥ ልምድ፣ ልማድ፣ ልምምድና መልመጃ ይወጣሉ። «ልምምድ» ድግግሞሹን በራሱ ድምፅ ውስጥ ይዟል፤ ም እንደተደገመች ሥራውም ይደገማል፤ ስለዚህ ቡድኑ ከጠዋት እስከ ቀትር የሚሠራውን ጠቅላላ ሥራ ሊጠራ ይችላል። «መልመጃ» ግን መሄጃና መውሰጃ በተሠሩበት መንገድ የተሠራ የመሣሪያ ስም ነው፤ የሚለመድበት ነገር ማለት ነው። በመማሪያ መጻሕፍት «መልመጃ 1»፣ «መልመጃ 2» እየተባለ አንዱ ከሌላው የሚለየው በዚህ ምክንያት ነው። አሠልጣኙ ፊሽካ ነፍቶ የሚያስጀምረው፣ ፊሽካ ነፍቶ የሚያስቆመው አንዱ ቁርጥራጭ ሥራ እንግዲህ መልመጃ እንጂ ልምምድ አይባልም፣ ቁፋሮማ ጨርሶ አይደለም።

ከመልመጃዎቹ ሁሉ ቀዳሚውና ለስሙም ትልቅ ክርክር የሚያስነሣው፣ ደጀኑ ፊቱን ለተጋጣሚው እንደሰጠ ወደኋላ የሚሮጥበት ነው። ጉልበቱን ሸብረክ፣ ደረቱን ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ፣ ክብደቱን በእግሩ ፊተኛ ክፍል ላይ ጥሎ፣ ተረከዙ ሣሩን ሳይጫን በአጫጭር ርምጃ ይሄዳል፤ ዓይኑንም ኳስ ሊይዝ ከሚሮጠው ከተቀባዩ ወገብ ላይ አይነቅልም፤ ትከሻና ራስ ሊያታልሉ ይችላሉና፣ ወገብ ግን ከሰውየው ተለይቶ የትም አይሄድም። በአሜሪካ የባለሙያዎች ሊግ ከ1978 ጀምሮ ተከላካይ ተቀባዩን ከኳሱ መነሻ መስመር 5 ያርድ፣ ማለትም አራት ሜትር ተኩል ያህል ካለፈ በኋላ እንዳይገፋው ስለተከለከለ፣ እግርን ከእጅ በላይ ማሠልጠን የማይታለፍ ግዴታ ሆኗል።

ይህን ሩጫ «የኋላ ፔዳል» ያሉት ሰዎች ብስክሌት በሌለበት ብስክሌት አምጥተዋል። «ማፈግፈግ» የሚለውን የመረጡት የተሻለ ጆሮ ቢኖራቸውም፣ ያፈገፈገ ሰው ቦታውን የለቀቀ ነው፤ ይህ ተጫዋች ግን ቦታውን የሚጠብቀው በዚሁ ሩጫ ነው። «የኋሊት» ቅርብ ነው፤ ነገር ግን «የኋሊት ወደቀ»፣ «የኋሊት ታሰረ» በሚሉት አባባሎች ውስጥ ሲኖር ኖሮ፣ ሰው ሳይወድ የሚደርስበትን ነገር መሽተት ጀምሯል። «የኋልዮሽ» ግን በገዛ ፈቃድ መሄድን ይሸከማል፤ ደግሞም ብቻውን አይደለም፤ የሁለትዮሽ ግንኙነት፣ የሦስትዮሽ ድርድር፣ የጎንዮሽ ጉዳት እየተባለ በየቀኑ የሚሠራበት ቅጥያ ስላለው፣ ደጀኑ ወደ ጎን የሚንሸራተትበትን መልመጃም «የጎንዮሽ» ብሎ ለመሰየም በር ይከፍታል። ፖለቲከኞች «የኋልዮሽ ጉዞ» የሚለውን ለውድቀት መግለጫ ማድረጋቸው የሚያስፈራ አይደለም፤ ቃሉን ለምሳሌ ተዋሱት እንጂ አልገዙትም። ስለዚህ «የኋልዮሽ ሩጫ» መባሉ ትክክል ነው።

ፊደሉም ቢሆን ሊያግዝ ይችላል። ደጀኑ አምስት ያርድ የኋልዮሽ ሮጦ፣ እግሩን ተክሎ በሰያፍ ወደፊት ከፈነጠረ በኋላ እንደገና የኋልዮሽ የሚሮጥበትን መልመጃ አሜሪካውያን በሜዳው ላይ በሚተወው ዱካ ቅርጽ በላቲኑ W ፊደል ይጠሩታል፤ የዚያ ፊደል መልክ «ንጉሡ ሠ» ከምንለው ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ «የንጉሡ ሠ መልመጃ» ቢባል ልጅም ይረዳዋል። እግር በመስቀለኛ የሚተከልበት ርምጃ ደግሞ በ«ተ» ቢጠራ ዝምድናው ከመልክም ያልፋል፤ ተ እና የላቲኑ አቻው T ከአንድ ጥንታዊ ሴማዊ ፊደል የተወለዱ ናቸውና።

«ሁሉንም እንዳለ በእንግሊዝኛው ብንጠራውስ?» የሚል ወገን አለ። ጎል ጎል ሆኖ መቅረቱ አማርኛን አላደኸየውም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በረኛ፣ አማካይ፣ ተመላላሽና ቅጣት ምት የተባሉት ቃላት ሰው በጨዋታው መካከል ሳይቸገር ሊጮኻቸው ስለቻለ ኖሩ እንጂ፣ በግድ የተጫኑ አልነበሩም። ለኳሱ መነጠቅ «ነጠቀ» የሚለው ግሥ አለ፤ ዲክ ሌን በ1952 ለሎስ አንጀለስ ራምስ በመጀመሪያ የውድድር ዓመቱ 14 ኳስ ነጥቆ ያቆመው ክብረ ወሰን እስካሁን እንዳልተሰበረ ለመናገር አንድም የባዕድ ቃል አላስፈለገም። ልጆቻቸው በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ይህን ጨዋታ ለሚጫወቱ ወላጆች የሚጽፉ ሰዎችም፣ ኮምፒውተሩ የሰጣቸውን ከማተማቸው በፊት፣ «ደጀኑ የኋልዮሽ ሮጦ፣ ወገቡን አዙሮ፣ ኳሱን ነጠቀ» የሚለውን አንድ ጊዜ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ከዚያም «የመከላከያ ጀርባ» የሚለውን ይሰርዙ።