ኢስኬፕ ካራክተር

ኢስኬፕ ካራክተር በፕሮግራም ቋንቋዎች ውስጥ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ወይም ምልክት ከተለመደው የተለየ ትርጉም እንዲይዝ የሚያደርግ ምልክት ነው። በሲ፣ በጃቫ፣ በጃቫስክሪፕትና በፓይተን ይህን ሥራ የሚሠራው ባክስላሽ (\) ነው። ከሲ በፊት የነበረው የቢ ቋንቋ ግን በኮከብ ምልክት (*) ይጠቀም ነበር።

አገልግሎት

በኮድ ውስጥ በጥቅስ ምልክት ተከቦ የሚጻፍ ጽሑፍ ስትሪንግ ሊተራል ይባላል። በጽሑፉ መሃል ሌላ የጥቅስ ምልክት ቢገባ ስትሪንጉ እዚያው ያበቃል፤ \" ተብሎ ሲጻፍ ግን ምልክቱ የጽሑፉ አካል ይሆናል። ባክስላሽ ከትንሹ ኤን ጋር አዲስ መስመር፣ ከትንሹ ቲ ጋር ታብ ይሰጣል፤ ሁለት ባክስላሽ (\\) ደግሞ አንድ ባክስላሽ ይሰጣል። በፓይተን ባክስላሽ፣ ትንሹ ዩ እና 1200 ተከታትለው ሲጻፉ «ሀ» የሚለው ፊደል ይገኛል።

የተለመዱ ስሕተቶች

በዊንዶውስ የፋይል አድራሻ ውስጥ ስሙ በትንሹ ኤን የሚጀምር ፎልደር ከአንድ ባክስላሽ በኋላ ከተጻፈ አድራሻው በአዲስ መስመር ምልክት ይቆረጣል፤ ፋይሉም አይገኝም። መፍትሔው ባክስላሹን ሁለት ማድረግ ነው።

በተቃራኒው ብዙ ዲበገሮች የስትሪንጉን የኮድ አጻጻፍ ስለሚያሳዩ አንዱ ባክስላሽ ሁለት ሆኖ ይታያል። ጀማሪ ፕሮግራመር ትርፍ መስሎት ሊሰርዘው ሲሞክር ትክክል የነበረውን ያበላሻል። እውነተኛው ይዘት የሚታወቀው ስትሪንጉን በማተም ወይም ርዝመቱን በመቁጠር ነው፤ ባክስላሽና ኤን በኮድ ላይ ሁለት ሆነው ቢጻፉም ርዝመታቸው 1 ነው።