የእሬት ስም

እሬት በአማርኛችን ስሙ ያልተከበረ ተክል ነው። መራራ ነገር ሁሉ በእርሱ ይመሰላል። እናት ልጇን ጡት ስታስጥል የምትቀባው እርሱን ነው፤ በወሎ የሙስሊም መካነ መቃብር ደግሞ ከሙታን ራስጌ ተተክሎ ይታያል። ሰውን ከመጀመሪያው መለየት እስከ መጨረሻው የሚያጅብ ተክል የተሻለ ስም ይገባው ነበር እላለሁ።

ውድ አንባቢያን፥ የእሬት ሳይንሳዊ ስሞች ራሳቸው የታሪክ መዝገብ ናቸው። በሰሜን ተራሮች የሚበቅለው አሎዌ ስቶይድነሪ የተሰየመው በ1860ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን በጎበኘው ጀርመናዊ ተጓዥ በኸርማን ስቶይድነር ነው። አሎዌ ሪቬም በ1898 እ.ኤ.አ. ሲሰየም የጣልያናዊውን ዕፅዋት ሰብሳቢ የዶሜኒኮ ሪቫን ስም ወሰደ። ተክሉ የባለአገሩ፥ ስሙ የእንግዳው ሆኖ ቆየ።

በ2003 ዓ.ም. (2011 እ.ኤ.አ.) በለንደኑ የኪው ዕፅዋት ማዕከል መጽሔት የወጣው ጥናት ከዚህ ልማድ ይለያል። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው፥ ተስፋዬ አዋስና የዴንማርክ፥ የእንግሊዝና የኖርዌይ ባልደረቦቻቸው አራት አዳዲስ የኢትዮጵያ እሬቶችን አስተዋወቁ። አራቱም የተሰየሙት በሰው ሳይሆን በቦታ ነው፤ በግቤ፥ በወልመል፥ በወሎና በቤኒሻንጉል። የጥናቱ ርእስ ራሱ የሌላን አገር ዕፅዋት ስለ መሰየም ሥነ ምግባር ያነሣል። (ሰብስቤ ራሳቸው ቀደም ሲል አንዱን እሬት በዴንማርካዊው ኢብ ፍሪስ ስም ሰይመዋል፤ የወዳጅ መታሰቢያ ግን ሌላ ነገር ነው።) አሎዌ ቤኒሻንጉላና የሚለውን ስም ያወጡት ሰብስቤና ተስፋዬ ናቸው። ተክሉ ያን ዓመት አልተወለደም፤ በርታውም ማኦውም ከላቲኑ በፊት አብረውት ኖረዋል።

ባምባሲ ለተቀመጠ ሰው ወሎና ቤኒሻንጉል በአንድ ጽሑፍ ጎን ለጎን መዋላቸው ልብ ይነካል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በመንግሥት ሠፈራ ብዙ የወሎ ቤተሰቦች ወደ አሶሳ አካባቢ መጡ፤ ባምባሲም ከሠፈራ ቦታዎቹ አንዷ ነበረች። የመጡት ሁሉ ፈቅደው አልመጡም። የነባሩም መሬት ተነካ። ዛሬ ልጆቻቸው በምሠራበት ባንክ በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። በስም ላይ አንዲት ፊደል ስትዛነፍ ገንዘቡ እንደማይከፈል ስለማውቅ፥ ሁለቱ ስሞች በአንድ መዝገብ፥ ያለ ስሕተት፥ በአገር ልጅ እጅ መጻፋቸውን አቅልዬ አላየውም።

አሳዳጊ ለሚሆን አንባቢ ጥቂት ልበል። የእሬት ቅጠሎች ከአንድ እምብርት እንደ ጽጌረዳ ተከፍተው ውኃ ያቁራሉ። ቀን ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ሌሊት ይተነፍሳል፤ በዚህም ውኃውን ይቆጥባል። በበጋ ብርቱ ፀሐይ አረንጓዴው ወደ ቀይ ቡናማ ሲለወጥ ሕመም መስሏችሁ ውኃ አትጨምሩበት፤ ፀሐይ ያቀላው ነው። ዝናባችን ብዙ በመሆኑ በዚህ አገር የሚገድለው ጥማት ሳይሆን ከሥሩ የተኛ ውኃ ነው። ስለዚህ ጠጠር የተቀላቀለበት ከፍ ያለ መደብ ይበጀዋል። ከእናቲቱ ግርጌ የወጣ ቡቃያ ሲነጠል ወዲያው አይተከልም፤ የተቆረጠበት ቁስል እስኪደርቅ ጥቂት ቀናት ጥላ ሥር ይቀመጣል። ከተተከለም በኋላ ሥር እስኪሰድድ ድረስ አይነቀንቁትም፤ ውኃም በጥቂቱ ነው።