ጢስ ዓባይ

ጢስ ዓባይ በአማራ ክልል፣ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በዓባይ ወንዝ ዳር የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። ከተማዋ በይበልጥ የምትታወቀው በአጠገቧ ባለው ፏፏቴ ነው። ፏፏቴው ጢስ እሳትም ይባላል፤ ስሙ ውኃው ከገደሉ ሲወርድ የሚነሣውን፣ ከሩቅ ጢስ የሚመስለውን ርጭት ያመለክታል። ከፍታው ከ37 እስከ 45 ሜትር ይገመታል፤ ወንዙ ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ታትሞ ስለነበር ቦታውን ያልረገጠ ሰው እንኳ በሥዕል ያውቀዋል።

የአላታ ድልድይ

ከፏፏቴው ዝቅ ብሎ ዓባይ በጠባብ ገደል ውስጥ ሲያልፍ የድንጋይ ድልድይ ተሠርቶበታል። ድልድዩ በዐፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1626 የተሠራ ሲሆን በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ እንደሆነ ይነገራል። የዘመኑ ኢየሱሳዊ ጸሐፊ ማኑኤል ደ አልሜዳ እንደሚተርከው፣ ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ በአላታ ወንዝ አካባቢ ተገኘ፤ ሥራውንም ከፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከህንድ የመጣ ባለሙያ መራው። በተለምዶ «የፖርቹጋሎች ድልድይ» መባሉ ከዚህ የመጣ ነው። አንዳንዶች ግን ሥራውን ለአባ ፔድሮ ፓኤዝ ይሰጣሉ፤ ፓኤዝ በ1622 ስላረፈ ዘመኑ አይገጥምም። የአካባቢው ገበሬ ከነአህያው ሲሻገርበት ኖሯል።

ውኃውና መብራቱ

ፏፏቴው ለኤሌክትሪክ ኃይልም ውሏል። ጢስ ዓባይ 1 (11.4 ሜጋ ዋት) በ1964 ሥራ ሲጀምር የሚወስደው ውኃ ጥቂት ስለነበር የፏፏቴውን መልክ እምብዛም አልለወጠውም። የጣና ሐይቅን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተሠራና በ2001 ጢስ ዓባይ 2 (73 ሜጋ ዋት) ከተጨመረ በኋላ ግን ውኃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ በቦይ ወደ ተርባይኖቹ መሄድ ጀመረ። በበጋ ሰፊው ገደል ራቁቱን ቀርቶ ቀጭን ጅረት ብቻ የሚወርድበት ጊዜ መጣ። በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ (460 ሜጋ ዋት) ደግሞ ከሐይቁ የሚወስደውን ውኃ በዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ወንዝ ይለቃል፤ ይህ ውኃ በጢስ እሳት በኩል አያልፍም። ጉዳቱ በቀጥታ የሚያርፈው በአስጎብኚነት፣ በጀልባና በእደ ጥበብ ሽያጭ በሚተዳደሩት የከተማዋ ነዋሪዎች ላይ ነው። አገሪቱ መብራት ያስፈልጋታል፤ እንግዳው ግን ደረቅ ገደል ለማየት ያን ያህል መንገድ አይመጣም።

ጉብኝት

ፏፏቴውን ለማየት የሚመረጠው ጊዜ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። ትኬት የሚቆረጠው ከተማዋ ውስጥ ነው። የተለመደው የእግር መንገድ በአላታ ድልድይ ተሻግሮ ከፏፏቴው ፊት ለፊት ወዳለው ኮረብታ ይወጣል፤ ከዚያም ለእግረኛ በተሠራው ተንጠልጣይ ድልድይ አድርጎ ወደ ፏፏቴው ይጠጋል። መንገዱ በክረምት ያዳልጣል። ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግሮ ወደ ከተማዋ መመለስም ይቻላል፤ ወንዙ በጣም ሲሞላ ግን በመጡበት መመለስ ይሻላል።