ሠንጠረዡን ማን ሠራው?

ኮምቦልቻ ውስጥ የጤና ጣቢያዋን ወርኃዊ ሪፖርት የምትሞላ ባለሙያ ኮምፒውተሯ ላይ የምታየውን ሠንጠረዥ ፕሮግራመር ቁጭ ብሎ ኮድ የጻፈለት አይደለም። የጤናውን ሥራ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚቆጠር፣ የት እና በየስንት ጊዜው እንደሚቆጠር ዘርዝሮ መዘገበ፤ ቅጹን፣ ድምሩንና ግራፉን ሶፍትዌሩ ከዝርዝሩ አወጣው። ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆች «በሞዴል የሚመራ አሠራር» የሚሉት ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም።

ሶፍትዌሩ ዲኤችአይኤስ2 ነው። ሥሩ ደቡብ አፍሪካ ነው። አፓርታይድ የጤና አስተዳደሩን በዘርና በባንቱስታን ከፋፍሎ 14 መሥሪያ ቤት አድርጎት ነበር። ከ1994 እ.ኤ.አ. በኋላ ያን ሁሉ አንድ ማድረግ ግድ ሆነ። የኬፕታውንና የኦስሎ ተመራማሪዎች ያኔ ያመጡት ሐሳብ እስካሁን ይገርመኛል፦ ማዕከሉ የግድ የሚፈልጋቸውን ጥቂት ቁጥሮች ይወስን፣ ወረዳው ደግሞ የራሱን ይጨምርበት። ሶፍትዌሩም ይህንን እንዲፈቅድ ተደርጎ ተሠራ።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ጤና ጥበቃ በ2000 ዓ.ም. የመረጃ ሥርዓቱን ሲያሻሽል 108 አመላካቾችን ለመላ አገሪቱ ደነገገ፤ በኋላ ተከልሰው ከ120 አለፉ። በእርግጥ አስፈላጊ ነበር፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱን ወረቀት ይልክ ነበር። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ አገሪቱ ወደ ዲኤችአይኤስ2 ስትዞር ሶፍትዌሩ የእኛን የዘመን አቆጣጠር ጭምር ያውቅ ነበር። ጳጉሜን የሚያውቅ የውጭ ሶፍትዌር ስንት አለ?

ግን ሞዴል የሚያየው የተነገረውን ብቻ ነው። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ከቆቦ የመጣች እናት ደሴ ብትወልድ ቁጥሯ የደሴ ነው። የሚካፈልበት የሕዝብ ቁጥር ግን ከ1999ኙ ቆጠራ የተተነበየ ነው፤ ተፈናቃይ የለበትም። እንዲህ ሲሆን የክትባት ሽፋን ከመቶ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ከተማዋ ጎበዝ ትመስላለች፣ መድኃኒት ግን እያለቀባት ነው። የቆቦው ሽፋን በአንጻሩ ሲያሽቆለቁል ሕፃናቱ የት እንደሄዱ ሠንጠረዡ አይናገርም። ጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ራሳቸው በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሲወድቁ ደግሞ ሪፖርት የሚሞላውም ሰው ተፈናቃይ ሆነ።

«ተፈናቃይ» የሚል አንድ መለያ መጨመር ለዚህ ሶፍትዌር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ኮድ አይፈልግም። የሚፈልገው ፈቃድ ነው። ፈቃዱን ደግሞ አዲስ አበባ ከምንጠብቅ የደቡብ አፍሪካውን የመጀመሪያ ሐሳብ ወስደን ለዞንና ለወረዳ ጤና ባለሙያዎች የራሳቸው ጥቂት መስመሮች ብንሰጣቸው ምን ይጎድልብናል? ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ተማሪዎቹ ከጤና ባለሙያዎቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የትኛው መስመር እንደጎደለ ለማወቅ ሳምንት የሚፈጅባቸው አይመስለኝም።