ሞሊየር፦ በሰው ልክ የተሰፋ ሳቅ

የፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔትና ተዋናይ የሞሊየር ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚወሳው ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ነው፤ ንጉሡ ባይወደው ኖሮ የት ይደርስ ነበር ይባላል። ተውኔት በማዘጋጀት ዕድሜዬን የፈጀሁት እኔ ግን፣ ሰውየውን ሰው ያደረጉት ተዋናዮቹ ናቸው ባይ ነኝ።

ዣን ባፕቲስት ፖክላን በጥር 1622 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ክርስትና ተነሳ። አባቱ ለቤተ መንግሥቱ አልጋ፣ መጋረጃና ምንጣፍ የሚያሰናዱ ባለሙያ ነበሩ፤ ሹመቱም ለልጅ የሚተላለፍ ነበር። ልጁ ግን በ1643 ከማድሌን ቤዣርና ከቤተሰቧ ጋር የቲያትር ቡድን አቋቋመ፤ ሞሊየር የሚለውንም የመድረክ ስም ያዘ። ቡድኑ ገበያ አጣ፣ ዕዳ ወረሰው። በ1645 ሞሊየር መድረኩን ያበራበትን የሻማ ዋጋ እንኳ መክፈል አቅቶት ታሰረ።

ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ገደማ ከባልደረቦቹ ጋር በአብዛኛው በደቡብ ፈረንሳይ ከተሞች ሲዞር ኖረ። ሙያውን የተማረው እዚያ ነው። ጥቅምት 24 ቀን 1658 ሉቭር ቤተ መንግሥት ንጉሡ ፊት ቀርበው የኮርኔይን ትራጄዲ ሲጫወቱ ብዙም የሞቀው ሰው አልነበረም። ሞሊየር አስፈቅዶ በአገር ቤት ሲጫወቷት የኖሩትን አጭር ቀልድ አስከተለ፤ ንጉሡ ሳቀ፣ ቡድኑም በፓሪስ አዳራሽ ተሰጠው።

ሲጽፍ፣ እንደ ልብስ ሰፊ አስቀድሞ ሰውን ይለካል። የቡድኑ አባል ሉዊ ቤዣር ያነክስ ነበር፤ በ1668 በቀረበው «ስስታሙ» ውስጥ ሎሌ ሆኖ ሲጫወት፣ የጌታው አባት አርፓጎን አንካሳ እያለ ይሰድበዋል። አርፓጎንን የሚጫወተው ሞሊየር ራሱ ሳል ነበረበት፤ ሳሉንም ለገጸ ባሕሪው ሰጠው። ተዋናይቷ ማደሞዋዜል ቦቫል ደግሞ ሳቅ ከጀመራት አታቆምም፤ ስለዚህ በ1670 ጌታዋን እያየች በሳቅ የምትፈርስ ገረድ ጻፈላት። ጉድለት የሚባለውን ሁሉ መሣሪያ አደረገው።

ንጉሡም ቢሆን ሁልጊዜ አላዳነውም። ሃይማኖተኛ መሳይ አስመሳይን የሚያጋልጠው «ታርቲዩፍ» በ1664 ቬርሳይ እንደታየ ታገደ፤ ለሕዝብ በነፃነት የተፈቀደው በ1669 ነው። ይህንኑ ተውኔት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል።

የካቲት 17 ቀን 1673 ሞሊየር በጽኑ ታሞ ሳለ፣ ሳይታመም ታመምኩ የሚለውን ሰው ይጫወት ነበር። መድረክ ላይ ሕመሙ ተነሳበት፤ እንደምንም ጨርሶ ቤቱ ተወሰደና በዚያው ሌሊት አረፈ። ተዋናይ ሙያውን ሳይክድ ከሞተ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መቀበር አይፈቀድለትም ነበር። የተጠሩት ሁለት ቄሶች እምቢ አሉ፤ ሦስተኛው ዘግይተው ደረሱ። ሚስቱ አርማንድ ንጉሡን ለመነች፤ ከአራት ቀን በኋላ በሌሊት፣ ያለ ክብር ሥነ ሥርዓት ተቀበረ።

ሥራዎቹን በ1682 አሰባስበው ካሳተሙት አንዱ፣ የቡድኑን ትርኢትና ገቢ በመዝገብ ሲያሰፍር የኖረው ተዋናይ ላ ግራንዥ ነው። ንጉሡ አዳራሽና ገንዘብ ሰጠ፤ ገጸ ባሕሪያቱን በአካላቸው የሰጡትና ጽሑፉን ያቆዩት ግን የሙያ ባልደረቦቹ ናቸው። ለጀማሪ ጸሐፊዎችም የምለው ይህንኑ ነው፦ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት ማን እንደሚያነክስ፣ ማን ሳቁን መግታት እንደሚያቅተው እወቁ።